ማባዣው ቁጥር



ስለ ዘረኝነት ተናገሪ ስባል ብዙዎቻችሁ ስለ ስድብና ግልምጫ እንደማወራ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው።

እኔ በምሠራበት አሜሪካ የኩላሊት አቅም ብዙውን ጊዜ የሚገመተው በደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በሰፊው የተሠራበት ቀመር፣ በሽተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ታዲያ ምን ችግር አለው? ዳያሊሲስ ላልጀመረ ሰው የንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በዕድሜ፣ በጾታና በክሪያቲኒን እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች እንውሰድ። ነጩ 18 ያገኝና ወረፋው ይጀመርለታል። የጥቁሩ 18 ተባዝቶ 21 ገደማ ይሆንና «ገና ነህ» ይባላል። ፎርም ላይ «ጥቁር» ተብሎ የሚመዘገበው ከኛው አገር የሄደ ስደተኛም እዚያው ውስጥ ነው። ማንም አልሰደበውም፤ ሐኪሙም ክፉ ላይሆን ይችላል። ጊዜው ግን ተወሰደበት።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዘረኝነት ከባድ የሕዝብ ጤና ጠንቅ መሆኑን አወጀ። በዚያው ዓመት የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን ዘርን ያስወጣ ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል አሳሰቡ። ይሁንና ቀመር መቀየር ያለፈውን አይመልስም። ስለዚህ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ወደ ኋላ ፈትሸው የተጎዱትን ጥቁር ሕሙማን የወረፋ ጊዜ እንዲያስተካክሉ ግዴታ ተጣለባቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጊዜያቸው ተመለሰላቸው። ለኔ ፖሊሲ ማለት ይህ ነው፦ ጉዳቱን ቆጥሮ መመለስ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። በየዎርዱ ጣት ላይ የምናደርገው ፐልስ ኦክሲሜትርም ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ መሣሪያው የጥቁሮችን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። እኛ ይህን ዕቃ ከውጭ ነው የምንገዛው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ አንድ አደራ አለኝ። ዕቃ ሲገዛ «በምን ዓይነት ቆዳ ላይ ተፈተነ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በጨረታ ሰነዱ ላይ ይስፈር። ተማሪውም መሣሪያው 94 ቢልም የበሽተኛውን አተነፋፈስ ሳያይ ከአልጋው አጠገብ አይሂድ። እኛንም ያስተማራችሁን እንዲሁ ነበር።