ስለ አይን ራንድ ልብ ወለዶች
(ሮቤ፣ በሥነ ጽሑፍ ምሽት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስሟ ልክ እንደ አማርኛው «ዓይን» ስለሚጠራው ስለ አሜሪካዊቷ ደራሲ ስለ አይን ራንድ ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ መጽሐፏን ጨርሶ እንደ አዲስ ሃይማኖት ይሰብካታል፤ ሌላው ሳይገልጣት ያወግዛታል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም።

አስቀድሞ ምስጋናዋን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች። ቦልሼቪኮች የአባቷን መድኃኒት ቤት ወረሱ፤ እሷንም ከዩኒቨርሲቲ ካባረሩ በኋላ መልሰው አስጨረሷት። በ1936 የወጣው «እኛ ሕያዋን» ያንን ዘመን ይተርካል። በ1967 ዓ.ም. ቤት የተወረሰበት ቤተሰብ ልጅ ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በ1943 በወጣው «ፋውንቴንሄድ» ደግሞ ሃዋርድ ሮርክ የሚባል አርክቴክት አለ። እንደ ጥንቱ ንደፍ ሲሉት እምቢ በማለቱ ከትምህርት ቤት ይባረራል፤ ሥራ ሲያጣም ያላመነበትን ሕንፃ ከሚሠራ ይልቅ ድንጋይ መፍለጥን ይመርጣል። «ሰው ምን ይለኛል» እየተባልን ላደግን ልጆች እንዲህ ያለውን ሰው ማየት ትልቅ ነገር ነው። ደግሞስ የሲናናን ስንዴ በጥቂት ሰዓት የሚያጭደውን ኮምባይነር የፈለሰፈው ደቦ ነውን?

ክርክሬ ከፍልስፍናዋ ጋር ነው። ራንድ ሰው መርዳት ክልክል ነው አትልም፤ እንዲህ ብሎ የሚከሳት አላነበባትም። የምትለው መርዳት ግዴታ አይደለም፣ ችግረኛውም በችግሩ ምክንያት የሚጠይቀው መብት የለውም ነው። ደቦን፣ በኦሮምኛ ጂጊን፣ «ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ» ነውና እንደ ንግድ ቆጥራ ልትቀበለው ትችላለች። በኦሮሞ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ የሚባለውን ግን ምን ታደርገዋለች? ከብቱ ያለቀበት ሰው ከወገኖቹ ከብት ይሰጠዋል፤ ይኸውም በችሮታ ሳይሆን የሚገባው ሆኖ ነው። ተቀባዩን ለማኝ፣ ሰጪውንም የተዘረፈ የሚለው የለም።

የራሷስ ሕይወት? በ1926 አሜሪካ ስትገባ ያስጠጓት የቺካጎ ዘመዶቿ ናቸው። «ፋውንቴንሄድ»ንም ብዙ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ፣ አርቺባልድ ኦግደን የሚባል አርታዒ እንጀራውን አስይዞ አስወጣላት። ደጋፊዎቿ «ኦግደን የሠራው በገዛ ፍርዱ ነው» ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ዘመዶቿ ግን ገና ልብ ወለድ ያላሳተመች የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ያስጠጉት ችሎታዋን መዝነው ነውን? ዘመድ ስለሆነች ነው እንጂ!

በ1957 ባሳተመችው «አትላስ ሽረግድ» ባለ ችሎታዎቹ ዓለምን ጥለው በኮሎራዶ ሸለቆ ይሰበሰባሉ። ትረካው ያስጎመጃል፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ሸለቆ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ብፈልግ አጣሁ።

ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከአጋርፋ፣ ከጋሠራም ሆነ ከጎባ ከመጣነው መካከል በሬ ተሽጦለት የተማረ ብዙ ነው። ያ በሬ ዕዳ ነው ወይስ ስጦታ? ሮርክን የምትወዱ ጓደኞቼ በዚሁ ጀምሩልኝ፤ መድረኩን ለሊቀ መንበሩ እመልሳለሁ።