ልብ ሲያርፍ የሚሠራው መኪና

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በቋንቋችን ልብ ማለት ሥጋ ብቻ አይደለም። ደፋሩን ልበ ሙሉ፥ የዋሁን ልበ ቅን፥ ያላስተዋለውንም «ልብ በል» እንለዋለን። ስለዚህ ሐኪሞች ልብን አቁመው ከጠገኑት በኋላ እንደ ገና ያስነሡታል፤ አልፎም የሞተውን ሰው ልብ በሕያው ሰው ደረት ውስጥ ይተክላሉ ሲባል ለብዙ ሰው ተረት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

የቆቦ ገበሬ የሆርማትን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራል። ቦዩ ሲናድበት ውኃው እየወረደ ሊጠግነው አይችልም፤ ማሳው እንዳይደርቅ ውኃውን በሌላ በኩል ማሳለፍ ይገባዋል። የልብ ሐኪምም ሥራው ይኸው ነው። ደም ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቋረጥ አንጎል ይጎዳልና፥ የጠቈረውን ደም በቱቦ አውጥቶ ወደ መኪናው ይመራዋል። በዚያ እንደ ሳንባ የሚያገለግለው ክፍል የተቃጠለውን አየር አስወግዶ ኦክሲጅን ይሰጠዋል፤ ፓምፑም እንደ ልብ እየገፋ ወደ ታላቁ የደም ቧንቧ ይመልሰዋል። ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል።

ዶክተር ጆን ጊበን ለዚህ መኪና ብዙ ዓመት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1953 በፊላደልፊያ የአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ የልብ ቀዳዳ ሲደፍኑ፥ መኪናው 26 ደቂቃ የልቧንና የሳንባዋን ሥራ ሠራ፤ ልጅቱም ዳነች። ዕድሜዋ የእኛው ዕድሜ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን የሰው ልብ ለሰው ተከሉ፤ ሕመምተኛው 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ምች ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1981 በስታንፎርድ ልብና ሳንባ ባንድነት የተተከለላት ሴት ግን ለዓመታት ኖረች። ዛሬ ኤክሞ የሚባለው መኪና የሚተከል አካል የሚጠብቀውን በሽተኛ ለቀናትና ለሳምንታት ያቈያል፤ አዲሱ ሳንባ ወዲያው ባይሠራም እስኪበረታ ይደግፈዋል። ሆኖም ደም መፍሰስና መርጋት ያሠጋል፤ መኪናው ያቈያል እንጂ በሽታውን አይፈውስም።

በአገራችንም ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። ብዙ ልጆች ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ታከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ።

አንዳንድ ሰው፥ «ድኻ አገር በዚህ ውድ መኪና ምን ያደርጋል?» ይላል። እኛ ግን ልቡ አስቀድሞ የተበላሸ ልጅ መኪናውና ሐኪሙ ካልደረሱለት ሌላ ተስፋ የለውም እንላለን። ዳሩ ግን ከቆቦ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወረፋውም ረዥም ነው። ስለዚህ ልጁ ለመኪናው እንዳይዳረግ ማድረግ ይበልጣል።

ይህ ደግሞ በእጃችን ነው። በአገራችን ብዙ ልጆችን ለልብ ቀዶ ጥገና የሚያደርሰው በሽታ ከጉሮሮ ቁስል ይጀምራል። ቁስሉ ሳይታከም ሲቀር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ጉልበትና ክርን እየተፈራረቀ ያብጣል፤ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮችም ይቈስላሉ። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከለክላል። በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንት መርፌውን ሳያቋርጥ ቢወጋ ልቡ ከዳግመኛ ጉዳት ይጠበቃል።

ክቡራን ወላጆቻችን፥ ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥል ማስቈረጥ የቆየ ልማዳችን መሆኑን እናውቃለን፤ ያደረጋችሁትም ለፍቅር ብላችሁ ነው። ነገር ግን ምላጩ ጀርሙን አይገድልም፤ መድማትንና መመርቀዝን ይጨምራል እንጂ። እባካችሁ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እናንተም ታናናሾቻችን፥ ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ አትደብቁ።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆን ቢገኝ፥ ያን መኪና ወደ አገሩ ያቅርብልን። እስከዚያው ግን መርፌዋን አንናቅ።