የመንገደኛ ሻንጣና የገበሬ ማሳ



ከባሕር ማዶ የሚመለስ መንገደኛ በጉምሩክ ሹም ፊት ሻንጣውን ሲከፍት ዘወትር የሚያሳስበው ቀረጥ ነው። ከወዳጅ የተሰጠው አንድ እፍኝ ዘር፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው ችግኝ፣ በጫማው ሥር የደረቀው አፈር ግን ከዕቃ አይቈጠሩለትም። ዋጋቸው ጥቂት ስለሆነ ጉዳታቸውም ጥቂት ይመስለዋል። ባዕድ ተባይና በሽታ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት የአዊን ምድር መመልከት ይበቃል።

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልበረክት ያለው ገበሬ፣ ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር በሰፊው ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቈርጦ ያከስላል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ በዚህ ተቃና። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ዛፉን ዋግ መታው። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዝገት በመሰለ ብናኝ ተሸፈነ፤ ለጋው ተክል ቀጨጨ፤ ብዙ ገበሬም ዛፉን መንጥሮ ወደ እህል ተመለሰ። የዋጉም አገር እንደ ዛፉ ሁሉ አውስትራሊያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ አፍሪካ ታይቶ ነበር። ወረዳውን ያለበሰው አንድ ዓይነት ዛፍ በመሆኑ ጥቃቱም በአንድነት ደረሰ።

የዋግ ብናኝ በነፋስም፣ በችግኝም፣ በልብስም ይጓዛል። ነፋስን የሚያስቆም ኬላ የለም፤ መንገደኛ ግን ይቆማል፣ ይጠየቃል፣ ያስረዳል። የኳራንቲን ሕግ መሠረቱ ይኸው ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 ዓላማም ዘርና ችግኝ አስቀድሞ ፈቃድ ተገኝቶለት፣ ከላኪው አገር የጤንነት ምስክር ወረቀት ይዞ፣ ተመርምሮ እንዲገባ ማድረግ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከልክ ያለፈ የሚመስለው ቢኖር ታሪክን ያስታውስ። በ1880 ዓ.ም. ግድም ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አስከተለ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለመግባት ጥቂት ከብቶች በቁት፤ ለመጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ፍራፍሬ ለስንቅ የያዘ መንገደኛ ባለማወቅ ይሳሳታል። የግብርና ባለሙያ ግን ከስብሰባ ወይም ከትምህርት ሲመለስ የተሻለ ዝርያ በኪሱ ቢይዝ፣ ለገበሬው በጎ ያደረገ መስሎት ነው። አደጋውም የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ዘር በቀጥታ ወደ ማሳ ይሄዳልና። ስለዚህ ባለሙያው የያዘውን ሳይጠየቅ ማሳወቅ፣ የጎበኘውን እርሻ ጭቃ ከጫማው አጥቦ መነሣት፣ ዘር ቢያስፈልግ በፈቃድ ማስመጣት ይገባዋል። ተቆጣጣሪውም ዕቃ ሲይዝ ምክንያቱን በትሕትና ቢያስረዳ፣ ዛሬ የተቈጣው መንገደኛ ነገ ረዳቱ ይሆናል።

የፋግታ ለኮማ ገበሬ በኬላው ላይ አልነበረም፤ ሻንጣም አልከፈተም። ዕዳውን የከፈለው ግን እርሱ ነው። ስለ እርሱ ሆኖ በኬላው ላይ መቆም የዚህ ሙያ ሰዎች አደራ ነው።