ቆዳችን የሚናገረውና የማይናገረው



ድንገተኛ ነገር ሲገጥመን «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» እንላለን። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ስለረቀቀ፣ በመሣሪያ ብቻ ስለሚለካ የቆዳ ምላሽ ነው።

መዳፋችንና ውስጥ እግራችን በላብ ዕጢዎች የተሞሉ ናቸው። አዲስ ድምፅ ስንሰማ ሲምፓቴቲክ የተሰኘው የነርቭ ሥርዓት ዕጢዎቹን ያነቃል። ከ1 እስከ 3 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ በቱቦዎቻቸው ከፍ ስለሚል ቆዳው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል። ክስተቱን ሻርል ፌሬ በፈረንሳይ በ1888 እ.ኤ.አ.፣ ኢቫን ታርካኖቭ ደግሞ በሩሲያ በ1890 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል።

ይህ ምላሽ ከትኩረት ጋር ያለውን ግንኙነት በጥልቀት ያጠናው የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ ዬቭጌኒ ሶኮሎቭ ነው። ሐሳቡን በምሳሌ ልግለጸው። ከአሰላ የመጣ እንግዳ እዚህ ጎበሳ ከእህል ወፍጮ አጠገብ አረፈ እንበል። ወፍጮው ሲነሣ የእንግዳው ቆዳ ምላሽ ይሰጣል፤ ድምፁ ሲደጋገም ግን ምላሹ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። ዕጢዎቹ ደክመው ይሆን? አይደለም። ድምፁ ቢለወጥ፣ ቢቀንስ ወይም በሚጠበቅበት ሰዓት ቢቀር ምላሹ ይመለሳል። የቀረ ድምፅ ጆሮን የሚመታ ጉልበት የለውም። ስለዚህ አንጎል የለመደውን ነገር አምሳያ ይይዛል፤ ቆዳ የሚመልሰውም የመጣው ነገር ከአምሳያው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው።

ከዚህ በላይ የሚባለውን ሁሉ በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ፍርሃትም፣ ደስታም፣ ጉጉትም በመለኪያው ላይ ተመሳሳይ ሞገድ ሊያስነሡ ይችላሉ። ይህንኑ ምላሽ ከሚለኩ መሣሪያዎች አንዱ የሆነውን «የውሸት መመርመሪያ» የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ገምግሞ፣ በሠራተኞች የደኅንነት ማጣሪያ ላይ ለመተማመን የሚያበቃ ትክክለኛነት እንደሌለው ደምድሟል። የተደናገጠ ንጹሕ ሰው እንደ ወንጀለኛ ሊቆጠር ይችላልና።

የቆዳ ዝምታም እንዲሁ ያሳስታል። በአርሲ ደጋ ብርድ የቀዘቀዘ መዳፍ ደካማ ምላሽ ይሰጣል። እንደ አትሮፒን ያሉ መድኃኒቶች ላብን ያግዳሉ። በ1965 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት የሚያክመው በሽታ ደግሞ ነርቭን ስለሚጎዳ መዳፍን ሊያደርቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ የሐኪሙን ቃል አንድም ሳያመልጠው እያዳመጠ፣ መለኪያው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ያንን መስመር አይቶ «ልቡ እዚህ የለም» ብሎ መጻፍ ሳይንስ አይደለም፤ በሰው ላይ ያለማስረጃ መፍረድ ነው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ኤሌክትሮዱን ከመግጠማችሁ በፊት የክፍሉን ሙቀት መዝግቡ፤ ተሳታፊው ምን ሕመም እንዳለበት፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቁ። ከልኬቱ በኋላም ምን እንደተሰማው ራሱ ይንገራችሁ። ሞገዱ አንድ ነገር እንደተለወጠ ይጠቁማችኋል፤ ለሰውየው ምን ትርጉም እንደነበረው ግን ሊነግራችሁ አይችልም።