የበልግ ጓሮ አትክልት በኦሞራቴ
(በምስረታ በዓሉ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዳሰነች ገበሬ የዘር ወቅቱን የሚያውቀው ከኦሞ ወንዝ ነበር። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ሲሸሽ ደለሉን ትቶ ይሄዳል፤ ማሽላውና በቆሎው በዚያ እርጥበት ይበቅላል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ግን ሙላቱ እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ አፈናቀለ። ስለዚህ የጓሮ አትክልት ለኦሞራቴ እናቶች የትርፍ ጊዜ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የበልግ ዝናብ የሚጠበቀው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ አጭርም ነው። ዝናቡን አይቶ ዘር የሚፈልግ ዘግይቷል። የቲማቲምና የበርበሬ ችግኝ ለመዛወር ከአንድ ወር በላይ ስለሚፈልግ በጥር መጨረሻ በሣር ዳስ ጥላ ሥር መዘራት አለበት። በደጋ የሚመከረው ከፍ ያለ መደብ እዚህ አያዋጣም፤ ፀሐዩና ነፋሱ ያደርቀዋል። ይልቁንም መደቡ አንድ ስንዝር ያህል ይጎድጉድ፤ የበሰበሰ የፍየል በጠጥ ይቀላቀልበት (በጠጥ መቼም በዳሰነች ደጅ አይጠፋም)፤ ላዩ በሣር ይሸፈን፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠር። እንዲህ ሲሆን ውኃው ሥሩ ዘንድ ይቆያል። ከወንዝ የሚቀዱት ሴቶች ናቸውና አንድ ጀሪካን መትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀሪው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ ነው። የአትክልት ዘር በማኅበሩ መጋዘን መገኘት ያለበት በታኅሣሥ ነው፤ በመጋቢት የደረሰ ዘር ለዚያ ዓመት በልግ አይሆንም።