ሥራ የፈቱ ኮምፒዩተሮችና የጣና ተፋሰስ



ከደብረ ታቦር ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው። ከእነዚህም ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ ጣና ይገባሉ። ሐይቁን ከሚመግቡት አራት ዋና ዋና ወንዞች ሁለቱ እነርሱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ግልገል ዓባይና መገጭ ናቸው።

ሐምሌ ሲገባ የሚሆነውን እንመልከት። ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰው ማሳ ለስልሶ፣ ቡቃያም ሣርም ሳይለብስ፣ ኃይለኛውን ዝናብ ይቀበላል። ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ ሲወርድ ገበሬው በስንት ድካም ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ አብሮት ይሄዳል። ፎስፎረስ የተባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው ከደቃቁ አፈር ጋራ ተጣብቆ ይጓዛል፤ ናይትሮጅን ግን በብዛት በውሃው ሟሙቶ ያልፋል። የከብት ፍግና የከተማ ቆሻሻም ይታከልበታል። ይህ ሁሉ በማሳ ላይ ሳለ ሀብት ነው፤ ሐይቅ ሲገባ ግን የማይፈለገውን ተክል ይቀልባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እንቦጭ እንዲህ ያለውን ቀለብ የሚወድ አረም ነው። ብዙ ሕዝብ በፈቃዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ ይሁን እንጂ ቀለቡ ከደጋው እየወረደ ሳለ ነቀላው ብቻውን ይበቃል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ቀለቡ የሚበዛው ከየትኛው ተዳፋት ነው? እርከን መሥራት ይቀድማልን? ወይስ በወንዝ ዳር ሣር መከለል? ወይስ ማዳበሪያ የሚበተንበትን ቀን ማዛወር? ዐሥራ አምስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ተፋሰስ እያንዳንዱን ኮረብታ እየሞከሩ ማየት ስለማይቻል፣ ሊቃውንቱ ተፋሰሱን በተዳፋቱ፣ በአፈሩና በአዝመራው ዓይነት ከፋፍለው የየዕለቱን ዝናብና ጎርፍ በኮምፒዩተር ያሰላሉ። የሂሳቡ አንዳንድ ቁጥሮች አስቀድመው ስለማይታወቁም፣ ቁጥሩን እየለወጡ አንዱን ስሌት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደግሙታል፤ ውጤቱንም በወንዙ ላይ ከተለካው ጋራ ያስተያዩታል። ለአንድ ኮምፒዩተር ይህ የወራት ሥራ ነው።

ነገር ግን አንዱ ስሌት ሌላውን ስለማይጠብቅ ሥራውን ለብዙዎች ማካፈል ይቻላል። በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በሌላ ዓለም አእምሮ ያለው ፍጡር ይኖር እንደ ሆነ ለመመርመር ከሰማይ የመጣውን የሬዲዮ ሞገድ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች አስፈትሿል። ወደ ምድር ስንመለስ ደግሞ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ያደረገው ጥናት ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ከስድስት ግዛቶች እርሻና ከተማ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በወሽመጡ ውስጥ አልጌ እያበዛ፣ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ያሳጣ ነበር፤ ዛሬም ችግሩ ፈጽሞ አልተወገደም። የሰው ሥራ በተፋሰሱ ላይ የሚያመጣውን ውጤት ለማስላት፣ ዩኒቨርሲቲው አይ ቢ ኤም በ2004 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ አማካይነት ስሌቱን ቆራርሶ ለፈቃደኞች ላከ። ባለቤቱ ሻይ ሲጠጣ ወይም ሲተኛ ኮምፒዩተሩ ድርሻውን ያሰላል።

የማይታወቅ ሰው ያሰላውን እንዴት ማመን ይቻላል የሚል አድማጭ ይኖራል። በመሥሪያ ቤታችን አንዱ የቆጠረውን ገንዘብ ሌላው ደግሞ እንዲቆጥረው እንደሚደረግ ሁሉ፣ በእንዲህ ያለው አሠራር አንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ለሁለት ኮምፒዩተሮች ይላካል፤ መልሳቸው ካልተስማማ ሦስተኛው ይጠየቃል።

በእኔ አስተያየት ለጣናም ይህ መንገድ ይስማማል። በየመሥሪያ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ተከፍተው ባዶ ወንበር የሚጠብቁ ኮምፒዩተሮች ጥቂት አይደሉም። እርግጥ የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ስለ ሆነ፣ ያለ አለቃ ፈቃድ አንዳችም ፕሮግራም ሊጫን አይገባም። መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ የኮምፒዩተሩ ድርሻ በወቅቱ ካልተመለሰ ለሌላ ይሰጣልና።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ስሌትን ከቶሮንቶም ከቶክዮም መዋስ ይቻላል፤ የጉማራን ውሃ ግን ከዚያ ሆኖ የሚቀዳ የለም። ደለሉ በብዛት የሚወርደው በክረምቱ መጀመሪያ፣ ጎርፉ ከፍ ባለባቸው ጥቂት ሰዓቶች ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት ይሆናል። በማግስቱ ረፋድ፣ ውሃው ጎድሎ ከጠራ በኋላ በተሞላ ጠርሙስ ላይ የተመሠረተ ሂሳብ፣ ሚሊዮን ኮምፒዩተር ቢደክምበት እንኳ ውሸት ይወልዳል። ስለዚህ ለኮምፒዩተሮቹ ከመጻፋችን በፊት፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መንገድ ላይ ባለው የጉማራ ድልድይ በሐምሌ ሌሊት ጠርሙስና መዝገብ ይዞ ለሚቆም ሰው በጀት፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ እንያዝለት።