ሳይነስና ጤና አዳም
(በሐዋሳ፣ መናኸሪያ ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)



በመናኸሪያ አካባቢ አቧራውና የመኪናው ጭስ ሳይነስ ላለበት ሰው ፋታ አይሰጥም። ቤት ስትጠርጉ ውኃ ርጭ አድርጉ። አፍንጫ ሲታፈን ደግሞ ፈልቶ ለብ ባለ ሩብ ሊትር ንጹሕ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ታጠቡበት፤ ለነፍሰ ጡርም አይከለከልም። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ለጊዜው ቢያቀልም ሕፃን ባለበት ቤት የፈላ ድስት አደገኛ ነው።

እኔ ይበልጥ የምፈራው ጤና አዳምን ነው። ጭማቂው ማሕፀንን አኮማትሮ ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል እርጉዝ፣ ወይም «አርግዤ ይሆን?» የምትል ሴት አትጠጣው። ባሎችም «እናቴ ያዘዘችው ነው» ብላችሁ አታስገድዱ።

ሕመሙ 10 ቀን ካለፈው ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የዓይን ዙሪያ ካበጠ ግን በዚያው ቀን። አሞክሳሲሊን ቢታዘዝላችሁም የወሊድ መከላከያ ክኒኑን አታቋርጡ፤ አያከሽፈውም።